የአጎትሽን የሞት ሰርተፍኬት ከማዘዝሽ በፊት

እህቴ፣ ነፍስ ይማር፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ። «አጎቴ ካሊፎርኒያ አርፏል። አዲስ አበባ ለጀመርነው የወራሽነት ጉዳይ የሞት ሰርተፍኬቱን ከካውንቲው እንዴት ላውጣ? የሐዘን ማስታወቂያውስ የት ይገኛል?» ብለሽ የጠየቅሽውን ሳነብ የራሴ ጣጣ ትዝ አለኝ። የእናቴ ወንድም እዚያው ካሊፎርኒያ ያረፈው በፈረንጆቹ 2018 ነው። ወረቀቱን እጄ ለማስገባት አምስት ወር ፈጀብኝ። አንቺ እንደኔ እንዳትንከራተቺ ብዬ ነው የምጽፈው።

1. መጀመሪያ የት እንደሞተ አረጋግጪ። የት ይኖር እንደነበር አይደለም። መዝገቡ ያለው ሰውየው ባረፈበት ካውንቲ (በግዛቱ ውስጥ እንዳለ ወረዳ በለው የአካባቢ አስተዳደር) ነው። የአጎቴ ቤት አንድ ካውንቲ፣ ያረፈበት ሆስፒታል ደግሞ ጎረቤት ካውንቲ ነበር። በመኪና ሃያ ደቂቃ ነው። እኔ ቤቱ ላለበት ካውንቲ 21 ዶላር ከፍዬ ላክሁ። ከስድስት ሳምንት በኋላ «መዝገብ አልተገኘም» የሚል ወረቀት መጣልኝ። ገንዘቡ አይመለስም፤ ለፍለጋ የተከፈለ ነው ይሉሻል።

2. ስለዚህ የሐዘን ማስታወቂያውን አስቀድሚ። የኛ ሰው አሜሪካ ጋዜጣ ላይ ብዙም አያወጣም፤ ዋጋውም አይቀመስም። ቀብሩን ያስፈጸመው ፊውነራል ሆም (የአስከሬንና የቀብር ጉዳይ የሚያከናውነው ድርጅት) ግን ብዙ ጊዜ ዌብሳይቱ ላይ ስምና ቀን ያወጣል። ሌጋሲ (Legacy.com) የሚባለው የሐዘን ማስታወቂያ ዌብሳይት ላይም ፈልጊ። በአንድ አጻጻፍ ብቻ ፈልገሽ ተስፋ እንዳትቆርጪ። የአያቴ ስም ተስፋዬ ነው። የአጎቴ መንጃ ፈቃድ ላይ መጨረሻው በዋይ እና ኢ፣ ማስታወቂያው ላይ ግን በአይ ነበር የተጻፈው። ካጣሽው ቤተ ክርስቲያኑን ወይም ዕድሩን ጠይቂ። በፍትሐቱ ቀን የተነበበው የሕይወት ታሪክ አንድ ሰው ቤት አይጠፋም። እኔ የሆስፒታሉን ስም ያገኘሁት ከዚያ ነው። የዕድሩ ጸሐፊ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አስቀምጠውት ነበር። እግዜር ይስጣቸው።

3. ዋናው ይሄ ነው፤ እባክሽ ልብ ብለሽ አንብቢው። ካሊፎርኒያ ሁለት ዓይነት ቅጂ ይሰጣል። አንደኛው ለተፈቀደለት ሰው ብቻ ነው። ሁለተኛውን ማንም ሰው ከፍሎ ያወጣል፤ ነገር ግን «ለመረጃ ብቻ፣ ማንነት ለማረጋገጥ አያገለግልም» የሚል ጽሑፍ ይታተምበታል። ዋጋቸው አንድ ነው። እኔ ልዩነቱን አላውቅም ነበር። ትክክለኛው ካውንቲ መስኮት ላይ ቆሜ «የእህቱ ልጅ ነኝ» አልኩ። ሴትዮዋ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ አንዱን ቅጽ ገፋ አደረገችልኝ። ሞላሁ፣ ከፈልኩ፣ ወሰድኩ። ለባንኩ ሳሳየው ሰውየው ጽሑፉን በጣቱ አሳየኝና መለሰልኝ። ተመልሼ ሄጄ «ለምን አልነገርሽኝም?» ብላት «አልጠየቅከኝም» አለች። ያሳደገኝ ሰው ነው። አባዬ እያልኩ ነው የኖርኩት። የቅጹን ጀርባ ሳነብ ግን የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ፣ እህትና ወንድም፣ አያት፣ የልጅ ልጅ፣ ጠበቃ ይላል። የእህት ልጅ የሚል የለም።

«ልጁ ነኝ ብለህ ፈርም፣ ማን ያጣራል?» ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። አንቺንም ይሉሻል። እንዳትሰሚያቸው። የምትፈርሚው ቃለ መሃላ ነው፤ በሐሰት መማል ወንጀል ነው። ያውም ይሄው ወረቀት ነገ አዲስ አበባ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

የተፈቀደላት እናቴ ነበረች፤ እህቱ ናት። ያንቺም እናት እህቱ ናቸው ብዬ ነው የምነግርሽ። በፖስታ ሲላክ ቃለ መሃላው ኖታሪ (ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰው) ፊት መፈረም አለበት። እማዬ ያለችው አዲስ አበባ ስለሆነ አሜሪካ ኤምባሲ ቀጠሮ አስያዝንላት። ለአንድ ማኅተም 50 ዶላር ነው። ቀኝ እጇን አንሥታ ማለች። በአማርኛ፣ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጇ፣ «እህቱ ነኝ» በሚለው ሥር ፈረመች። ወረቀቱን በሰው ላከችልኝ፤ በሦስት ሳምንት ትክክለኛው ቅጂ መጣ።

ይሄ ሁሉ ግን መምጣት አልነበረበትም። ፊውነራል ሆሙ በለቅሶው ሳምንት ለቤተሰቡ ስንት ቅጂ ይፈልጋሉ ብሎ ጠይቆን ነበር። አንድ ይበቃል ያልኩት እኔ ነኝ። ያቺ አንዷ ቅጂ ከአስከሬኑ ጋር አዲስ አበባ ሄዳ እዚያው ኤርፖርት ቀረች። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። አንቺ ስታዥ ከአምስት እንዳታሳንሺ። አንዱ ለባንክ፣ አንዱ ለጡረታው፣ አንዱ ለፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ሁሉም ዋናውን ነው የሚጠይቁት።

ለአዲስ አበባ የሚሄደውን እኔ መጀመሪያ የካሊፎርኒያ ዋና ከተማ ሳክራሜንቶ፣ ከዚያ ዋሽንግተን የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ከዚያ እዚያው አሜሪካ ያለው ኤምባሲያችን የማረጋገጫ ማኅተም አስመታሁት። አዲስ አበባ ደግሞ የኛ ውጭ ጉዳይ አረጋገጠው፤ ትርጉምም ተሠራለት። ከላይ የነገርኩሽ ጽሑፍ ያለበትን ቅጂ ይዘሽ ይሄን መንገድ እንዳትጀምሪው።

እናትሽ አዲስ አበባ ካሉ የኤምባሲውን ቀጠሮ ዛሬውኑ አስይዢላቸው፤ ቶሎ አይገኝም። እማዬ የፈረመችበት ቅጽ ኮፒው አለኝ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ፎቶ አንሥቼ እልክልሻለሁ።