የአንዶንግ የጭንብል በዓል፦ የት እንደር? ጥያቄያችሁን ለ«አማቹ»

አማቹ፦ ባለፈው ዓመት በዚህ ወቅት በግል መልእክት ስትጠይቁኝ እንቅልፍ አጥቼ ነበር፤ ዘንድሮ ሁሉንም እዚሁ በአንድ ቀን እንጨርስ። ለማያውቀኝ፦ የምኖረው ደቡብ ኮሪያ፣ ዴጉ ከተማ ነው፤ ባለቤቴ የአንዶንግ ልጅ ስለሆነች በየዓመቱ ወደድኩም ጠላሁም በዓሉ ላይ አለሁ። ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን አንብቡ። በዓሉ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ (ዓመቱን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የሚከበር ሲሆን በሴፕቴምበር መጨረሻና በኦክቶበር መጀመሪያ አሥር ቀን ያህል ይቆያል። የጭንብል ጭፈራው ትርኢት የሚታየው በሁለት ቦታ ነው፤ አንዱ አንዶንግ ከተማ መሀል፣ ሌላው ሃሆዌ መንደር። በመካከላቸው ከሃያ ኪሎ ሜትር በላይ አለ። የትኛውን ምሽት የት እንደምታሳልፉ ሳትወስኑ ክፍል አትያዙ። ይህን ዛሬ ስንት ጊዜ እንደምደግመው እናያለን።

የዴጆን ተማሪ፦ ጋሼ፣ እናመሰግናለን። አንዶንግ ውስጥ ጥሩ ሆቴል የቱ ነው?

አማቹ፦ ለየትኛው ቀን? ለስንት ሰው? ከተማው ነው መንደሩ? ከላይ የጻፍኩትን አንብብና ተመለስ።

ሰናይት ከሱወን፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እኔ ክፍል ይዣለሁ፤ ዋጋው ርካሽ ነው፤ አድራሻው «አንዶንግ፣ ዶሳን» ይላል። ከበዓሉ ቦታ በእግር ያስኬዳል?

አማቹ፦ እህቴ፣ መሰረዝ የሚቻል ከሆነ ዛሬውኑ ሰርዢው። አንዶንግ በኮሪያ «ከተማ» ከሚባሉት ሁሉ በስፋት አንደኛ ናት፤ ከ1500 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሴኡል 605 ብቻ ነው። አዲስ አበባን ሦስት ጊዜ ብትዘረጊያት አንዶንግን ብትሞላ ነው። አብዛኛው ግን ተራራ፣ የፖም ማሳና የገጠር መንደር ነው። ዶሳን በሰሜን በኩል ነው፤ በሺህ ዎን ብር ላይ ምስላቸው ያለው የሊቁ የዪ ሁዋንግ ትምህርት ቤት የሚገኝበት። ቦታው ደስ ይላል፤ ለማየት ሂጂ። ነገር ግን ሃሆዌ በምዕራብ ነው። ማታ ከትርኢት ወጥተሽ ዶሳን የሚያደርስሽ አውቶቡስ ስትጠብቂ ይነጋብሻል። «አንዶንግ» የሚል አድራሻ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፤ ቀጥሎ ያለውን የወረዳ ስም አንብቡ። ሃሆዌ ያለችበት ወረዳ ፑንግቾን ይባላል።

ሌላም አለ። በድሮ ጽሑፎች «ከባቡር ጣቢያው አጠገብ» የሚል ምክር ካያችሁ አትመኑ። አሮጌው ጣቢያ መሀል ከተማ ነበር፤ በ2020 መጨረሻ ተዘግቶ አዲሱ ከመሀል ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ተከፈተ። ሴኡል ካለው ቾንግንያንግኒ ጣቢያ በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከአዲሱ ጣቢያ ወደ መሀል ከተማ ደግሞ አውቶቡስ ወይም ታክሲ ያስፈልጋል።

ማርታ ከጓንግጁ፦ እኔ በባህላዊ ቤት ነው ማደር የምፈልገው። መንደሩ ውስጥ ማደር ይቻላል? አልጋው ምን ይመስላል?

አማቹ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ይቻላል። ሃሆዌ ሙዚየም አይደለም፤ ፑንግሳን ሪዩ የሚባለው ዘር ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረበት፣ ዛሬም ሰው ጎመን የሚተክልበት መንደር ነው። ናክዶንግ ወንዝ ዙሪያውን ስለሚታጠፍበት ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው። የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1999 ጎብኝተውታል፤ በ2010 ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። የምታድሪው ከባለቤቶቹ ጋር በአንድ ግቢ ነው፤ እንዲህ ያለው ማደሪያ ሚንባክ ይባላል።

አልጋው? አልጋ የለም። ዮ የሚሉት ስስ ፍራሽ ተጣጥፎ በቁም ሳጥን ውስጥ ይጠብቅሻል፤ ማታ ወለሉ ላይ ታነጥፊዋለሽ፤ ጠዋት አጣጥፈሽ ትመልሺዋለሽ። ሳያጣጥፍ የሚሄድ እንግዳ ስሙ ከኋላው ይነሣል። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ተኝቶ ሁለት ሻንጣ ከገባ ሦስተኛው እግሩን የሚዘረጋበት የለውም። በሩ ወረቀት የተለጠፈበት እንጨት ስለሆነ የጎረቤት ሳል ይሰማል፤ የእናንተም ሐሜት ይሰማል፤ ደግነቱ በአማርኛ ነው። መጸዳጃና መታጠቢያ ከክፍሉ ውጭ ግቢ ውስጥ የሆነበት ቤት ብዙ ስለሆነ ስትይዙ ይህንኑ ለይታችሁ ጠይቁ።

ወለሉ ከሥሩ ይሞቃል፤ ኦንዶል ነው። በድሮው ቤት እሳቱ ከሚነድበት በኩል ያለው ወለል ይግላል፤ አራትሞክ ይሉታል። ራቅ ያለው ጥግ ይቀዘቅዛል። አራትሞክ የሽማግሌና የክብር እንግዳ ቦታ ነው። እዚህ አገር አማች የመቶ ዓመት እንግዳ ነው ይባላል፤ መጀመሪያ የባለቤቴ ወላጆች ቤት ያደርኩ ዕለት አባትየው እጄን ይዘው እዚያው አስተኙኝ። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት እንደ ቂጣ ስገላበጥ ቆየሁ። ወደ ቀዝቃዛው ጥግ መሸሽ ፈለግሁ፤ ግን በወረቀቱ በር በኩል አባትየው እንደነቁ ይሰማኛል፤ አፈርኩ። ጠዋት «ሞቆህ ነበር?» አሉኝ። «በጣም» አልኩ። ደስ አላቸውና በማግስቱ ማታ እንጨት ጨመሩ።

ጌታሁን፦ መደብ ላይ ላደገ ሰው ይህ ምን ይደንቃል? ጀርባችን ለምዶታል።

ማርታ ከጓንግጁ፦ መደብ ላይ ያደግኸው የዛሬ ሠላሳ ዓመት ነው፤ ዛሬ ጀርባህን ጠይቀው።

አማቹ፦ መደብ በእሳት አይጋልም፣ ጌታሁን። ሂድና ሞክረው።

ቢኒ ከኢንቾን፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ግን ባለፈው የባለቤትዎ አክስት ክፍል እንደሚያከራዩ ጽፈው ነበር። ባህላዊ ቤት ባህላዊ ቤት የሚሉት ለዚያ ነው እንዴ?

አማቹ፦ ሁለት ክፍል አላቸው፤ ያውም ከሃሆዌ ውጭ። ከሁለት ዓመት በፊት ከዚሁ ከእኛ መካከል ለአንዱ ስልካቸውን ሰጠሁት። ቅዳሜን ያዘ፤ አልመጣም፤ አልደወለም። አሮጊቷ ራት ሠርተው እስከ ማታ አራት ሰዓት ደጅ ደጁን ሲያዩ አመሹ። ከዚያ ወዲህ ስልካቸውን ለማንም አልሰጥም። ስለዚህ ማስታወቂያ አይደለም። ይልቅ ይህን ያዙልኝ፦ መቅረት ከሆነ ቀድማችሁ ደውሉ።

ሄለን፦ በመስቀል ሰሞን ስለሆነ አምስት ሆነን መንደሩ ውስጥ ለማደር አስበናል። ግቢው ውስጥ ትንሽ ከሰል አቀጣጥለን ቡና ብናፈላ፣ ዕጣንም ብናጨስ ይፈቀዳል?

አማቹ፦ አይፈቀድም! የሣር ክዳን፣ የወረቀት በር፣ የብዙ መቶ ዓመታት እንጨት፤ እናንተ ከሰል! በማርች 2025 ከዊሶንግ የተነሣው የሰደድ እሳት ወደዚያ ሲቃረብ የሃሆዌ ሰዎች ቤታቸውን ለቅቀው እንዲወጡ ተደርጓል። መንደሩ ለጥቂት ተረፈ። እነዚያ ሰዎች ጭስ ሲያዩ ምን እንደሚሰማቸው አስቡ። የተፈላ ቡና በፔርሙስ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለባለቤቶቹም ቅዱላቸው። ዕጣኑ ይቅር።

አቤል፦ ቅዳሜ ማታ ስላለው የወንዙ እሳት ሰምቻለሁ። ለእሱ መንደሩ ውስጥ ማደር ግዴታ ነው?

አማቹ፦ ግዴታ አይደለም፤ ግን ሌላ ቦታ ለሚያድር ሰው አዝናለሁ። ከመንደሩ የጥድ ደን ተነሥቶ ወንዙን ተሻግሮ እስከ ቡዮንግዴ ገደል ጫፍ ገመድ ይዘረጋል፤ ገደሉ 64 ሜትር ነው። በገመዱ ላይ የከሰል ዱቄት የታሸገባቸው የወረቀት ከረጢቶች በየተራ ይንጠለጠላሉ። ሲለኮሱ እሳቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ብልጭታው እንደ ካፊያ ውኃው ላይ ይረግፋል። እንደ ርችት አይጮኽም፤ ከሕዝቡ ጫጫታ ሥር ሲንጣጣ ትሰማዋለህ። ከዚያ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ናክሁዋያ!» ሲል ከገደሉ ጫፍ የተቀጣጠለ የጥድ ችቦ ይወረወራል። ከሰማይ የሚወርድ ደመራ በለው።

አሁን ክፉው ነገር። ሲያልቅ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጠባብ መንገድ ነው የሚወጣው። በመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻውን አውቶቡስ እይዛለሁ ብዬ ሰልፍ ቆምኩ፤ ከፊቴ ሞልቶ ሄደ። ታክሲ በስልክ ብጠራ የሚመጣ ጠፋ። በመጨረሻ ድንች የጫነ የጭነት መኪና ያለው ገበሬ አዝኖልኝ ከተማ አደረሰኝ። ስለዚህ መንደሩ ውስጥ ክፍል ካጣህ ከተማ መሀል አትያዝ። የክፍለ ሀገሩ አስተዳደር በ2016 ከዴጉ ሲዛወር አዲስ ከተማ የተቆረቆረለት እዚያው ፑንግቾን ወረዳ ውስጥ ነው። አዳዲስ ሆቴሎች አሉት፣ ለሃሆዌ ከአንዶንግ መሀል ይልቅ በጣም ይቀርባል፣ ጎብኚ ደግሞ አያስበውም። ይህን ምክር በነፃ መስጠቴ ይቆጨኛል።

የዴጆን ተማሪ፦ ጋሼ፣ አነበብኩት። ርካሽና ጥሩ የሆነ ሆቴል ብቻ ቢጠቁሙኝ።

አማቹ፦ አላነበብከውም።

ሰላም፦ ጂምጂልባንግ (የሕዝብ መታጠቢያና ማረፊያ ቤት) ውስጥ ማደርስ? ለሴት ብቻዋን ደኅና ነው?

አማቹ፦ ደኅና ነው። አሥር፣ አሥራ አምስት ሺህ ዎን ከፍለሽ ልብስ ይሰጡሻል፤ የሚታደረው በጋራ አዳራሽ ወለል ላይ ነው። መታጠቢያው በጾታ የተለየ ነው፤ ግን ራቁት ነው።

ጌታሁን፦ ራቁት? ለሐበሻ ሴት ይህ ይመከራል?

ሰላም፦ ጥያቄው የእኔ ነበር፤ መልሱንም አግኝቻለሁ። አንተን ማን ጠየቀህ?

አማቹ፦ በቃ። ቀጣይ።

ዮናስ፦ ሞቴል በስልክ መተግበሪያ ልይዝ ስል የስልክ ባለቤትነት ማረጋገጫ እያለ ይመልሰኛል።

አማቹ፦ ሲም ካርዱ በራስህ ስም፣ በውጭ ዜጋ መታወቂያህ ላይ በተጻፈው አጻጻፍ መመዝገብ አለበት። አንድ ፊደል ብትለይ አይቀበልም። ካልሆነልህ በዓለም አቀፎቹ ድረ ገጾች ያዝ። ሞቴል በተራ ቀን 50 ሺህ ዎን ገደማ ነው፤ በበዓሉ ቅዳሜ ግን ይህን ዋጋ እርሳው። ቀን ቀን በሰዓት ስለሚያከራዩ ቅዳሜ አመሻሽ ሳይሆን አያስገቡም፤ የመግቢያ ሰዓቱን ጠይቅ። ቹሶክ (የኮሪያ የመኸር በዓል) ከበዓሉ ጋር የተጠጋ እንደሆነ ደግሞ አገር ምድሩ ይንቀሳቀሳል። በ2025 ቹሶክ ኦክቶበር 6 ዋለ፤ ከኦክቶበር 3 እና 9 በዓላት ጋር ተያይዞ ክፍሉም ባቡሩም አልቆ ነበር።

ወለተ ማርያም፦ ልጆች፣ ክፍሉን ትታችሁ ነፍሳችሁን አስቡ። ይህ በዓል ለመንደሩ አምላክ የሚደረግ አምልኮ ነው ይባላል። እናንተ ደግሞ በመስቀል ሰሞን!

ቢኒ ከኢንቾን፦ እማማ፣ ቴአትር ነው። ሰው ጭንብል አጥልቆ ይጨፍራል፤ ያስቃል፤ ያበቃል።

ወለተ ማርያም፦ መነሻውን ጠይቅ ልጄ።

አማቹ፦ መነሻውን እማማ አልተሳሳቱም፤ ጥንት ለመንደሩ ጠባቂ መንፈስ የሚደረግ ሥርዓት አካል ነበር። ዛሬ የምናየው ግን ጨዋታውን ነው። እንዲያውም መኳንንቱን የሚያብጠለጥል ነው። ያንግባን የሚባለው ባላባት «እኔ የሳዴቡ ዘር ነኝ» ይላል፤ የመኳንንት ወገን ነኝ ማለቱ ነው። ሶንቢ የሚባለው ምሁር «እኔ የፓልዴቡ ዘር ነኝ» ብሎ ይመልሳል። በኮሪያኛ «ሳ» አራት፣ «ፓል» ስምንት ነው፤ ዘሩን በእጥፍ አበዛው። ቅኔ ለሚሰማ ሕዝብ ይህ እንግዳ ነው? ጭንብሎቹንም ቀርባችሁ እዩ፤ የያንግባኑ አገጭ ለብቻው ተቀርጾ በገመድ የታሰረ ነው። ተዋናዩ ቀና ሲል ይስቃል፣ ሲያጎነብስ ይቆጣል። ኢሜ የሚባለው ብቻ አገጭ የለውም። ቀራጩ ማንም ሳያየው እንዲሠራ ታዝዞ ነበር አሉ፤ የምትወደው ልጅ በመስኮት ቀዳዳ አጮልቃ ስታየው ደም ተፍቶ ሞተ፤ ኢሜ ሳያልቅ ቀረ።

አቤል፦ ጋሼ፣ ማደሪያ ነበር የተነሣነው።

አማቹ፦ ልክ ነህ። እማማም ቢሆኑ ቢመጡ ከተማው መሀል የመጠጥ ሽታ የሌለበት ክፍል እፈልግላቸዋለሁ።

ብርሃኑ ከአዲስ አበባ፦ ለቪዛ የሆቴል ማስያዣ ያስፈልጋል ተብያለሁ። የትኛውን ልያዝ?

አማቹ፦ ስለ ቪዛ ኤምባሲውን ጠይቅ። እኔ የምልህ ሳይከፈልበት መሰረዝ የሚቻለውን ያዝ ብቻ ነው። ሚንባክ ለቪዛ አትያዝ።

ፍቅርተ፦ ጠዋት ሚንባኩ ውስጥ ቁርስ ይሰጣል? የጽጌን ጾም ለምጾመው?

አማቹ፦ አንዳንዱ ይሰጣል። ኪምቺው (የኮመጠጠ ጎመን) ውስጥ በጨው የታሸ ዓሣ ወይም ሽሪምፕ ስላለ ቀድመሽ ንገሪያቸው።

ጌታሁን፦ ዓሣ እኮ ይበላል።

ወለተ ማርያም፦ ማን አለ?

አማቹ፦ እዚህ አይደለም። እባካችሁ።

ሊዲያ፦ የጋንግኑንግ ዳኖ በዓልስ?

አማቹ፦ በጨረቃ አቆጣጠር አምስተኛው ወር አምስተኛው ቀን ነው፤ ባሕር ዳር ስለሆነ ክፍል አይጠፋም፤ በፈጣን ባቡር ይደረሳል። ሌላውን የጋንግኑንግ አማች ፈልጊ።

የዴጆን ተማሪ፦ ጋሼ፣ አሁን በደንብ አንብቤዋለሁ። ቅዳሜ ማታ፣ ለሁለት ሰው፣ መንደሩ ውስጥ፣ የወንዙን እሳት ለማየት። መታጠቢያው ውጭ ቢሆንም ግድ የለንም። ሁለት ሚንባክ ደውዬ ኮሪያኛዬ አልገባቸውም መሰለኝ ዘጉብኝ።

አማቹ፦ ይኸው፣ ጠየቅህ። ያልገባቸው ኮሪያኛህ ላይሆን ይችላል፤ በስንት ሰዓት ደወልክ? ጠዋት ማሳ ላይ ናቸው። የሁለቱን ስልክ በግል ላክልኝ፤ ነገ ከምሳ በኋላ እኔ እደውላለሁ። ግን በስምህ ነው የምይዘው፤ ልትቀር ከሆነ አሁኑኑ ንገረኝ።