ሞዴል ለምትሠሩ ልጆች፦ መጀመሪያ መዝገቡን ጠይቁ

ይድረስ ሞዴል፣ ማለትም ከመረጃ ተነስቶ የሚተነብይ ስሌት፣ ለመሥራት ላፕቶፕ አንግታችሁ ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ ለምትመላለሱ ልጆች። እንደምን ከርማችኋል?

አንዳንዶቻችሁ እየደወላችሁ ስለ ፕሮግራም ቋንቋ «ጋሼ፣ ፓይተን ይሻላል ወይስ አር?» ትሉኛላችሁ። የቀናችሁን ያዙ። በዚህ የምከራከርበት ዕድሜ አልፏል፤ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው።

የሙያችን ትልቁ ማባበያ አንድ ቀመር በብዙ ሳይንስ ውስጥ መሥራቱ ነው። ቤልጂየማዊው የሒሳብ ሊቅ ፌርሁልስት እ.ኤ.አ. በ1838 (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታትም በእ.ኤ.አ. ናቸው) የሕዝብ ቁጥር መጀመሪያ ፈጥኖ አድጎ ኋላ ጣሪያ ሲነካ የሚከተለውን መስመር ጻፈ፤ ዛሬ ያው መስመር ለእርሾም፣ ለዓሣም፣ ለሞባይል ተጠቃሚም ይውላል። ከርማክና ማኬንድሪክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1927 ሰዉን የተጋለጠ፣ የታመመና በሽታውን የጨረሰ ብለው ከፍለው ያወጡት ስሌት፣ ወሬ እንዴት እንደሚዛመት ለማጥናት ሳይቀር ተወስዷል። ይህን ያየ ወጣት «ወባውንም፣ ዝናቡንም፣ ርዕደ መሬቱንም እችለዋለሁ» ማለቱ አይቀርም። ቀመሩ እውነትም ይሻገራል። ከሥሩ ያሉት ታሳቢዎች ግን አብረው አይሻገሩም። የእነ ከርማክ ስሌት ሁሉም ሰው ከሌላው ጋር እኩል የመገናኘት ዕድል አለው ብሎ ነው የሚነሳው፤ መርካቶ የሚውል ነጋዴና ቤቱ የሚውል ጡረተኛ እኩል ሰው ያገኛሉ እንደማለት። (ጡረተኛው እኔ ነኝና አውቀዋለሁ።)

ከአጠገባችን ምሳሌ ልስጥ። አራት ኪሎ ግቢ ውስጥ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተቋቋመው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። መሥራቹ ካናዳዊው ካህን ፒየር ጉዌን መሣሪያ ከመተከሉ በፊት የነበሩትን መንቀጥቀጦች ከዜና መዋዕልና ከተጓዦች ጽሑፍ ለቅመው፣ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የርዕደ መሬት ታሪክ በ1979 በመጽሐፍ አወጡ። ያንን ዝርዝር ከዛሬው የመሣሪያ መዝገብ ጋር ቀጥላችሁ በየዓመቱ ስንት እንደተመዘገበ ብትስሉ፣ ወደ ዛሬ ሲጠጋ መስመሩ ሽቅብ ይወጣል። ማሽን ለርኒንጉም (ከመረጃ ራሱ የሚማረው ፕሮግራም) ደስ ብሎት «አገሪቱ ከቀድሞው ይልቅ እየተንቀጠቀጠች ነው» ይላችኋል። የጨመረው ግን ሰሚው ነው። ዜና መዋዕል ጸሐፊ ንጉሡ ባሉበት የተሰማውን ይጽፋል፤ አፋር በረሃ ላይ መሬት ብትነቃነቅ ማን ይጽፍላታል? ስለዚህ ባለሙያዎቹ ከመቁጠራቸው በፊት፣ ከየትኛው ዓመት ወዲህ፣ ከስንት ማግኒቲውድ (የመንቀጥቀጡ መጠን) በላይ ያለው ሁሉ ሳያመልጥ ተመዝግቧል ብለው ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ወሰን በታች ያለውን ይተዉታል። ማግኒቲውድ በአንድ ሲወርድ ብዛቱ አሥር እጥፍ ገደማ ይጨምራል የሚለው የጉተንበርግና የሪክተር ሕግም የሚያዛልቀው ከዚያ ወሰን በላይ ነው። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ሲንቀጠቀጥ፣ እዚህ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የምትኖሩት ተሰምቷችኋል፤ «ቀጣዩ መቼ ነው?» ተብላችሁም ሳትጠየቁ አልቀራችሁም። ቀን የሚነግር ሞዴል የለም።

አሁን ወደ ኤክሴሉ እንግባ። አንድ ጎበዝ ልጅ የወባ ሕሙማንን ቁጥር ከጤና ጣቢያ፣ ዝናቡን ከሳተላይት ወስዶ አጣመረ። በሁለቱም ሰንጠረዥ ወሩ 1፣ 2፣ 3 ተብሎ ተጽፏል። ኮዱ አንድም ስህተት ሳያሳይ አለቀ፤ ውጤቱም የወባው ጫፍ በጋ ላይ ነው አለ። ልጁ ማብራሪያ ሁሉ አዘጋጅቶለታል፤ ያውም ጥሩ ማብራሪያ! የጤና ጣቢያው 1 መስከረም ነበር። የሳተላይቱ 1 ደግሞ ጃንዋሪ፣ ማለትም ከታኅሣሥ 23 ግድም የሚጀምረው። ጳጉሜንም እንዲሁ ናት፤ እንደ ወር ቆጥራችሁ የአምስት ቀኑን ሕመምተኛ ከሠላሳ ቀኑ ጎን ካቆማችሁት፣ በየዓመቱ ወባው ድንገት ይወድቅላችኋል። የዝናብ መለኪያ የሚነበበው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ሰኔ 10 ተብሎ የተጻፈው ውሃ አብዛኛው ሰኔ 9 ከሰዓትና ማታ የጣለ ነው፤ ኮምፒውተራችሁ ደግሞ 3 ሰዓት ሲባል ሌሊት ይመስለዋል።

ስለ ትክክለኛነት መለኪያ ብዙ አልልም። ሳምንታዊ መረጃ በዘፈቀደ ለሁለት ተከፍሎ በአንዱ ሠልጥኖ በሌላው ሲፈተን ሞዴሉ ድንቅ ይመስላል፤ ያለፈውንና የሚቀጥለውን ሳምንት አይቶ መሃሉን መገመት ማን ያቅተዋል? የመጨረሻዎቹን ዓመታት ደብቁበት። ከዚያ ካለፉት ዓመታት የዚያው ወር አማካይ ጋር አወዳድሩት። ብዙ ያማረ ሞዴል እዚህ ላይ ይሸነፋል። ከተሸነፈም ጻፉት።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ያለፈው ዘመን ራሱ ሊከዳችሁ ይችላል። የአገራችን የወባ ሞዴል ያደገው ክረምቱ ሲወጣ ከሚቀረው ኩሬ፣ ከቆላውና ከገጠሩ ጋር ነው። በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ግን አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለች፣ መነሻዋ እስያ የሆነ ትንኝ ተገኘች፤ ይቺ ከተማ ውስጥ በበርሜልና በሮቶ ውሃ ትራባለች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ወባ በደረቁ ወቅት ተነሳ። ዝናብ ብቻ የተማረ ሞዴል ይህን ከየት ያመጣዋል? በነፍሳት ጥናት የቆየ ሰው የሚያውቅ ልጅ ግን ሮቶዎቹ ክዳን እንዳላቸው ይጠይቃል።

ስለዚህ አንድ ዘርፍ ምረጡና ከባለቤቶቹ ጋር ሻይ ጠጡ። ቀመሩን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዘርፍ ኋላ ይደርሳል። ዳታ ስትቀበሉ ፋይሉን ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። መዝገቡን የሚሞላው ማን ነው? መሣሪያው ሲበላሽ ቦታውን ባዶ ይተዋል ወይስ ዜሮ ይጽፋል? ይህችን ሁለተኛዋን ጥያቄ ብቻ ብትጠይቁ ስንት የሌለ ድርቅ ከሰንጠረዣችሁ ይወጣ ነበር!

መልሱን የሰጣችሁ ሰው ሥራችሁን ካቃና ደግሞ ስሙ ከጸሐፊዎቹ መሃል ይግባ። «ለጤና ጣቢያው ሠራተኞች ምስጋናችን ይድረስ» ብሎ በጅምላ ማለፍ እኔን ያስቀይመኛል። ጽሑፉ ሲወጣ አንድ ቅጂ አትማችሁ ራሳችሁ ውሰዱለት፤ የሚቀጥለውን ዓመት መዝገብም በዚያው ጠይቁት።