በመጽሐፍ ቅዱሴ ኅዳግ ላይ ልጻፍ ወይስ ደብተር ልያዝ?

ጥያቄ፦

መምህር ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ጠዋት የታክሲ ሰልፍ፣ ማታ ድካም እየሆነብኝ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ ካቆምኩ ቆይቷል። ሰሞኑን በቲክቶክ «ባይብል ጆርናሊንግ» የሚሉትን አየሁ። ልጆቹ የመጽሐፍ ቅዱሳቸውን ኅዳግ በአበባና በቀለም ያስጌጣሉ፣ ከጥቅሱ አጠገብ የተሰማቸውን ይጽፋሉ። ደስ ብሎኝ ባለ 24 ቀለም ማርከር ገዛሁ። የመጀመሪያውን መስመር ሳሰምር ግን ቀለሙ ወደ ጀርባው ገጽ አለፈ፤ እናቴም «መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ይሞነጫጨራል እንዴ?» ብላ ተቆጣች። በእኛ በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ይህ ይፈቀዳል? ከተፈቀደ ከምን ልጀምር? ደብተር ከያዝኩስ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ምን ይጻፋል? ይሥቁብኝ ይሆናል እንጂ ባዶው ገጽ ያስፈራኛል።

መልስ፦

ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ እኅቴ። አልሥቅብሽም። እኔም ስብከት ለማዘጋጀት ወረቀት ፊት ስቀመጥ ባዶው ገጽ ያስፈራኛል፤ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

በእናትሽ ልጀምር። ግማሽ እውነት አላቸው። እርሳቸው ያደጉት መጽሐፍ ቅዱስ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከራስጌ በሚቀመጥበት፣ ከእጅ ቢያመልጥ ተስሞ በሚነሣበት ቤት ይመስለኛል። እንዲህ ላደገ ሰው ሮዝ ማርከር ይዞ የማቴዎስን ወንጌል ማቅለም ድፍረት ነው። ደግሞም በቪዲዮ ያየሻቸው መጻሕፍት ለዚሁ ተብለው ኅዳጋቸው ሰፍቶ የሚታተሙ ናቸው። የእኛው ወረቀቱ ስስ፣ ኅዳጉም አውራ ጣት የማያስቀምጥ ነው። በአንዱ ገጽ ያፈሰስሽው ቀለም በጀርባው ያለውን ቃል ይበላል። ስለዚህ ማርከሩን ከመጽሐፉ አርቂው። እዚህ ላይ የምከለክልሽ ቀኖና ጠቅሼ አይደለም፤ ወረቀቱ አይችልም።

ሌላው ግማሽ ግን የአንቺ ነው። መጽሐፍን ማስጌጥም ሆነ በባዶ ገጹ ላይ መጻፍ ለቤታችን እንግዳ አይደለም። ቁም ጸሐፊ ብራናውን በወስፌ አስምሮ በመቃ ብዕር ሲጽፍ ሁለት ቀለም ከጎኑ ያኖራል፤ ጥቁሩ ለንባቡ፣ ቀዩ ለአርእስቱና ለቅዱሳት ስሞች፣ ይልቁንም ለእመቤታችን ስም። ከክፍሉ ራስጌ ሐረግ የሚባለውን የተጠላለፈ ጌጥ ይሥላል። በአድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተዘጋጁ ሆነው ተገኝተዋል፤ እነርሱም ባለ ሥዕል ናቸው። በየአድባራቱ «ወንጌል ዘወርቅ» በሚባሉት መጻሕፍት ባዶ ቦታ ላይ ደግሞ የርስትና የጉልት ስጦታ ተመዝግቦ እናገኛለን። በዳዊትና በጸሎት መጻሕፍት ውስጥ የባለቤቱ ስም ከጸሎቱ መካከል ይገባል፤ መጽሐፉ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ የቀድሞው ስም ተፍቆ የአዲሱ ይጻፍበታል። የተፋቀበትን ቦታ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ብራናው ሳስቶ ያብረቀርቃል።

ልዩነቱን ልብ በይ። ሐረጉ ቃሉን ከበበው እንጂ አልሸፈነውም። በቪዲዮ ካየሁት ውስጥ ደግሞ (አዎ፣ ጥያቄሽ ሲደርሰኝ እኔም ገብቼ አየሁ) አበባው ምዕራፉን ውጦት፣ የትኛው ወንጌል እንደሆነ እንኳ የማይለይ ገጽ አለ። እጅ የሚያምር ሥራ ሠርቷል፤ ማንበቡ ግን የት ገባ?

ስለዚህ በመቅደስና በዐውደ ምሕረት በሚነበብ መጽሐፍ ላይ ምንም አይጻፍም። በራስሽ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ በቀጭን እርሳስ ማስመር፣ ትንሽ ምልክት ማድረግ ነውር የለበትም። ስቲከር አትለጥፊ። የጌታንና የቅዱሳንን መልክ እንደ ካርቱን አትሣዪ፤ ለቅዱሳት ሥዕላት ሥርዓት አላቸውና። የቀረውን ሁሉ ወደ ደብተር ውሰጂው፤ ባለ 50 ሉክ የተማሪ ደብተር ይበቃል።

ደብተር ይሻላል የምልበት ዋናው ምክንያት ግን የወረቀት መሳሳት አይደለም፤ ይህን የተማርሁት በራሴ እፍረት ነው። ወጣት ሳለሁ አንድ የታተመ መዝሙረ ዳዊትና ቀይ ስክሪፕቶ ከእጄ አይለዩም ነበር። መዝሙር 41 ላይ «ዋላ ወደ ውኃ ምንጭ እንደሚናፍቅ» የሚለው ዘንድ ስደርስ ኅዳጉ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «ዋላው የተጠማው ብዙ ስለ ሮጠ ነው፤ እኔም በኑሮ ሩጫ ደክሜ እጠማለሁ።» ኮራሁበት። አንድ ቀን የኔታ መጽሐፉን ከእጄ ተቀብለው ሲገልጡ አገኙት።

«ይህን ከማን ሰማኸው?» አሉኝ።

«ከራሴ ነው የኔታ።»

ዝም አሉ። ቆይተው፣ ዋላ እባብ በበላ ጊዜ መርዙ ውስጡን እያቃጠለው ወደ ውኃ ይሮጣል ብለው የቀደሙ አባቶች እንዳስተማሩ፣ መርዙን በኃጢአት፣ ምንጩን በእግዚአብሔር መስለው እንደተረጎሙት ነገሩኝ። ከዚያ ወደ ቀዩ ጽሑፌ ጠቆሙ። «ያንተም ክፉ አይደለም። ግን ከዳዊት ጎን በቀይ ጽፈኸዋል፤ ነገ ይህን መጽሐፍ የሚወርስ ልጅ የሊቃውንት ቃል ይመስለዋል።»

ከዚያ ወዲህ ለሁለቱ ሁለት ቦታ ሰጠኋቸው፤ አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ደብተሩ ሲገለጥ በግራው ገጽ የሰማሽውንና ያነበብሽውን፣ በቀኙ የራስሽን ጻፊ። በግራው ላይ ከማን እንደሰማሽ ጨምሪ፤ የእሑድ ሰባኪ ከሆነ ሰባኪው፣ የትርጓሜ መጽሐፍ ከሆነ መጽሐፉ። የእኛ መምህራን እንኳ «አንድም» እያሉ አንዱን ንባብ በብዙ መንገድ ሲተረጉሙ ንባቡን ከትርጓሜው ለይተው ነው፤ የተቀበሉትንም ከማን እንደተቀበሉ ያውቃሉ።

በቀኙ ገጽ ላይ ከመልስ ይልቅ ጥያቄ ይብዛ። በቪዲዮዎቹ «ይህ ጥቅስ ለእኔ እንዲህ ማለት ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር በዝቶ አየሁ፤ እርሱ ያሳስበኛል። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ «በውኑ የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ቢለው «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ነው ያለው። የገንዘብ ሁሉ አዛዥ የነበረ ባለ ሥልጣን ነው፤ ነገሩን ከራሱ አፍልቆ መናገር አላቃተውም ነበር። «ነቢዩ ይህን ስለ ማን ይናገራል?» ብሎ ጠየቀ፣ ከዚያም ውኃ ዘንድ ሲደርሱ ተጠመቀ። የአንቺም ቀኝ ገጽ እንዲህ ያለ ጥያቄ ማኖሪያ ይሁን።

አሁን ወደ መጀመሪያው ልውሰድሽ። ብዙ ሰው በጉጉት ተነሥቶ ከዘፍጥረት 1 ይጀምራል፣ ዘሌዋውያን ላይ ይቆማል። ሌላው ዳዊትን እንደ አባቶች በሳምንት ልጨርስ ይላል፤ የሰኞው ድርሻ ብቻ ከ1 እስከ 30 ያለው መዝሙር መሆኑን ሲያይ ማክሰኞ ላይ ይጠፋል። ለአንቺ የምመርጥልሽ ምስባኩን ነው። ዲያቆኑ ከወንጌል በፊት የሚሰብከው ከዳዊት የተወሰደ ሦስት መስመር ነው፤ የየዕለቱ ንባብ በተመደበበት መጽሐፍ፣ በግጻዌው፣ ተጽፎ ይገኛል፣ ሰባኪዎችም ብዙ ጊዜ ከእርሱ ይነሣሉ። ሦስት መስመር ለደከመ ሰው አይከብድም። እሑድ ከቅዳሴ ስትመለሺ፣ ቁርስ በልተሽ ቡናው እስኪፈላ ጻፊው። ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ነገር አትጨምሪ፤ በየቀኑ እርሱኑ አንብቢ፣ አንድ መስመር ብቻ ጨምሪበት።

አንድ ገጽ ላሳይሽ። የዐቢይ ጾም መጀመሪያ እሑድ፣ ዘወረደ፦

«ተቀነዩ ለእግዚአብሔር በፍርሃት፤ ወተሐሠዩ ሎቱ በረዓድ፤ አጽንዕዋ ለጥበብ ከመ ኢይትመዓዕ እግዚአብሔር።» መዝሙር 2፥11-12።

ግእዙን ባትችዪም በእጅሽ ጻፊው። ከሥሩ አማርኛውን፦ «ለእግዚአብሔር በፍርሃት ተገዙ፥ በረዓድም ደስ ይበላችሁ። ተግሣጹን ተቀበሉ ጌታ እንዳይቈጣ።» አየሽ? ግእዙ «ጥበብን አጽኗት» ያለውን አማርኛው «ተግሣጹን ተቀበሉ» ብሎታል። በዓይን ስናልፈው ይህ አይታየንም፤ እጅ ግን ይዘገያል፣ ሲዘገይም ይደናቀፋል። በዘዳግም 17 ንጉሡ በዙፋኑ ሲቀመጥ የሕጉን ቅጂ ለራሱ ይጻፍ፣ ዕድሜውንም ሁሉ ያንብበው ተብሎ ታዟል። ጸሐፊ የማያጣ ንጉሥ ነው፤ ቢሆንም ለራሱ ይጻፍ ተባለ።

እንግዲህ ቀኙ ገጽ። ካቆመሽ ቃል አንዱን ምረጪ፤ እኔን ያቆመኝ «በረዓድም ደስ ይበላችሁ» የሚለው ነው። ከዚያ ጥያቄው፦ «እየተንቀጠቀጡ ደስ መሰኘት እንዴት ይሆናል?» መልሱን አትጻፊ። ሰኞ ታክሲ ሰልፍ ላይ ይዘሽው ቁሚ። ማክሰኞ ምናልባት፣ እናትሽ ሥጋ ወደሙን ለመቀበል ሲቀርቡ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ፊታቸው ግን ሲበራ ያየሽበት ቀን ትዝ ይልሽ ይሆናል፤ እርሱን ጻፊ። ዓርብ ላይ የምታደርጊውን አንድ ነገር ጨምሪ፤ ትልቅ አይሁን። «እሑድ ኪዳን ሳያልቅ እደርሳለሁ» ይበቃል። ሳታደርጊው ብትቀሪ «አልደረስኩም» ብለሽ ጻፊ፤ የሚያርምሽ የለም።

ስለ ቁጥሩ አንድ ነገር፦ በእኛ መዝሙር 22 የሆነው «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በአንዳንድ እትሞች 23 ነው። ከየትኛው እትም እንደጻፍሽ ምልክት ካላደረግሽ በኋላ ስትፈልጊው ትጠፊበታለሽ። ቀኑንም በራሳችን አቆጣጠር ከነበዓሉ ጻፊው፦ ጥቅምት 12 ሚካኤል፣ ኅዳር 21 ጽዮን። ከዓመት በኋላ ያው በዓል ሲመጣ ገጹን ትገልጪዋለሽ።

በስልክ መጻፍ ይቻላል፤ ነገር ግን ምስባኩን ከፍተሽ ሳትጨርሺ ቴሌግራሙ ይጠራሻል።

ጠንከር አድርጌ የምነግርሽ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ኃጢአትሽን በዝርዝር በደብተር አታስፍሪ። ደብተር ይጠፋል፣ ሰው እጅ ይገባል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ተጽፎ የተቀመጠ በደል እየተነበበ ቁስሉን ያድሳል። ቦታው የንስሐ አባትሽ ፊት ነው። ረስቼው እንዳልቀር ካልሽ አንዲት ቃል ብቻ በቁራጭ ወረቀት ያዢ፣ ከተናዘዝሽ በኋላ አቃጥያት። ሁለተኛ፣ ገጹን ፎቶ አንሥተሽ አትለጥፊ። ጓደኛሽን አንድ ጥቅስ ብታካፍያት አልቃወምም። ነገር ግን ለመታየት መጻፍ ከጀመርሽ ጥያቄሽ ሳይታወቅሽ ይለወጣል፤ ያላመመሽን ትጽፊያለሽ፣ ያመመሽን ታልፊያለሽ። ጌታ ስለ ጸሎት «ወደ እልፍኝህ ግባ መዝጊያህንም ዘግተህ» ያለው ለደብተርም ይሆናል።

በወር አንድ ጊዜ ደብተሩን ይዘሽ ወደ ንስሐ አባትሽ ወይም ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት መምህርሽ ሂጂ። ሁሉንም አታሳዪ፤ ከቀኙ ገጽ ጥያቄዎች ሁለቱን መርጠሽ አንብቢላቸው። የሚመልሱልሽን በግራው ገጽ ላይ፣ ከስማቸው ጋር።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጸሐፍት መጻሕፍቶቻቸውን የሚከፍቱበትን ጻፊ፦ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ።» ከሥሩ የክርስትና ስምሽን። ሌላ አታስገቢበት። ከ24ቱ ማርከር ቀዩን ለአንቺ አስቀሪ፤ የጌታንና የእመቤታችንን ስም ስትጽፊ ትጠቀሚበታለሽ፣ ደብተሩ ወረቀቱ ወፈር ያለ ይሁን። 23ቱን ለሰንበት ትምህርት ቤታችሁ ሕፃናት ውሰጂላቸው፤ ሁልጊዜ ቀለም ያልቅባቸዋል።