መድኃኒት የተላመደው የፈረስ ቁስል፦ ጥያቄና መልስ

በደሴና በኮምቦልቻ የጋሪ ፈረስና የጭነት በቅሎ ያላችሁ፣ በክሊኒክ የምትሠሩና የእንስሳት ሕክምና የምትማሩ ሁሉ፣ ዛሬ አንቲባዮቲክ ስለማያድነው ኢንፌክሽን የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። በጊዜው ቢታጠብ ይድን የነበረ ቁስል በመርፌ ብዛት ሲበላሽ ማየት እጅግ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ (ባለጋሪ፣ ኮምቦልቻ)፦ ዶክተር፣ ጠፍሩ የፈረሴን ደረት ልጦት መግል ያዘ። መርፌ አስወጋሁት፣ ግን አልቆመም። ጠንከር ያለ መድኃኒት ልግዛለት?

መልስ፦ አይግዙ ወንድሜ። ፈረሱ አሁንም ጋሪ እየጎተተ ነው? ጠፍሩ በየዕለቱ ያንኑ ቦታ እየላጠ የትኛውም መርፌ አያድነውም። በመጀመሪያ ያሳርፉት። አንድ ሊትር ውሃ አፍልተው ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨምሩበት፤ ሲቀዘቅዝ ቁስሉን ደጋግመው ይጠቡት። የካፕሱል ዱቄት አይነስንሱበት፤ ባክቴሪያውን ሳይጨርስ መድኃኒቱን ያለማምደዋል። ፈረስ በመንጋጋ ቆልፍ በቀላሉ ስለሚጠቃም ሐኪሙን ስለ መከላከያው ይጠይቁት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መግሉ ከቀጠለ መድኃኒት ከመቀየሩ በፊት ከቁስሉ ናሙና ይወሰድ። ኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ያለባት ከተማ ናት፤ ሐኪሙ አስቀድሞ ደውሎ ምን ዓይነት ምርመራ እንደሚሠሩና ናሙናው እንዴት መላክ እንዳለበት ይጠይቅ። ባክቴሪያው አድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚገታው ሲፈተን ግምት ይቀራል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ፦ በእግሩ ወይም በአንገቱ ላይ ተከታትለው የሚያብጡና የሚፈነዱ እብጠቶች ካሉ በአገራችን የጋሪ ፈረሶችን ክፉኛ የሚያጠቃው የፈንገስ በሽታ ሊሆን ይችላል። አንቲባዮቲክ ፈንገስን አይገድልም።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ደሴ)፦ ዶክተር፣ በውጭ አገር ያሉት ትላልቅ የፈረስ ሆስፒታሎች ገንዘብም ባለሙያም አላቸው። ችግሩ እዚያ እንዴት ይበረታል?

መልስ፦ ጥሩ ጠየቅሽ። ሆስፒታል ማለት የታመሙ፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውና አንቲባዮቲክ የሚወስዱ ፈረሶች በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሰበሰቡበት ቦታ ነው። መድኃኒቱ ደካማውን ባክቴሪያ ሲገድል የተላመደው ይተርፋል፤ የተረፈውን ከአንዱ ፈረስ ወደ ሌላው የሚያደርሰው ደግሞ በአብዛኛው የሰው እጅ ነው። በአሜሪካ የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የትልልቅ እንስሳት ሆስፒታል በ2004 እ.ኤ.አ. ብዙ መድኃኒቶችን የተላመደ፣ ሳልሞኔላ የሚባል ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ ገብቶበት ተዘግቶ ነበር፤ እንስሳት ሞቱ፣ ሕንፃው ከላይ እስከ ታች ጸዳ። ያን ያህል ሀብት ያለው ተቋም ከተዘጋ፣ በአንድ ባልዲ ብዙ ፈረስ የሚያጠጣ ክሊኒክ ምን ያህል እንደሚጋለጥ አስቢው።

ሌላው ኤምአርኤስኤ የሚባለው፣ ሜቲሲሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ የተላመደ፣ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ምንም ሕመም በማይታይበት ፈረስ አፍንጫ ውስጥ ይኖራል፤ በሠራተኛውም አፍንጫ እንዲሁ። በሆስፒታሎች ውስጥ ከፈረሶቹና ከሠራተኞቹ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ሆስፒታሎች ፈረስ ሲገባ ከአፍንጫው ናሙና ይወስዳሉ፤ የተገኘበትን ለብቻው ያስቀምጣሉ።

የአሜሪካዋን የኬንታኪ ግዛት ታሪክም ያዢ። እዚያ በሚገኙ የፈረስ እርባታዎች ሮዶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ የሚያመጣውን የሳንባ በሽታ ለመቅደም ሲሉ፣ በአልትራሳውንድ ትንሽ ምልክት የታየባቸውን፣ ሕመም ግን የሌለባቸውን ውርንጭላዎች ሁሉ በአንቲባዮቲክ አከሙ። ከጊዜ በኋላ መድኃኒቶቹን የተላመደ ባክቴሪያ በእርባታዎቹ ተስፋፋ። በቅን ልቦና የተሰጠ መድኃኒትም ያለማምዳል፤ ይህን ዛሬ በተማሪነትሽ ብትይዢው ደስ ይለኛል።

ጥያቄ (እናት፣ ኮምቦልቻ)፦ ልጆቼ ፈረሱን ያበላሉ፣ ያጥባሉ። ይተላለፍባቸዋል?

መልስ፦ ሊተላለፍ ይችላል እህቴ፣ በተለይ እጃቸው ላይ ቁስል ካለ። ቁስሉን ልጆች አይንኩት፤ ፈረሱን ከነኩ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ኤምአርኤስኤ ቢገኝበት እንኳ ፈረሱን መሸጥ አያስፈልግም። አፍንጫው ውስጥ ብቻ ከሆነ፣ እንደገና ካልተጋለጠ ብዙውን ጊዜ ያለ መድኃኒት በራሱ ይጠፋል።

ጥያቄ (የእንስሳት መድኃኒት መደብር ሠራተኛ፣ ደሴ)፦ ደንበኛው «ኦክሲ ስጠኝ» ይላል። ብከለክለው ከጎረቤት ይገዛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ችግርዎ ይገባኛል። ግን ጎረቤት መሸጡ ለእርስዎ ፈቃድ አይሆንም፤ ማዘዣ ይጠይቁ። ለበሬ የተመጠነ መጠን ለፈረስ አይሆንም፤ ኦክሲ የሚሉት አንቲባዮቲክ፣ ኦክሲቴትራሳይክሊን፣ በደም ሥር በፍጥነት ሲገባ ፈረስ ሊወድቅ ይችላል። አንቲባዮቲክ የፈረስን አንጀት ባክቴሪያ አናግቶ በተቅማጥ ሊገድለውም ይችላል። አዲስ መድኃኒት ሁልጊዜ ይሻላል የሚለውም ስሕተት ነው። የወጣት ፈረሶችን መንጋጋ ሥር የሚያሳብጠውን ስትሬፕቶኮከስ ኢኩዋይ የተባለ ባክቴሪያ እስከ ዛሬ ፔኒሲሊን ይገድለዋል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ እብጠቱ በስሎ መግሉ ሲፈስ ያለ መርፌ ይድናል።

ጥያቄ (የክሊኒክ ሠራተኛ)፦ ውሃ እንኳ በሚቸግረን ቦታ ምን እንጀምር?

መልስ፦ ውሃ ባይኖርም በአልኮል እጅን ማሸት ይቻላል፤ እጁ በፋንድያ ከቆሸሸ ግን መጀመሪያ ይጠረግ። መርፌ ለእያንዳንዱ እንስሳ አዲስ ይሁን። በአፍንጫ የሚገባውን ቱቦ ሳታጥቡ ለሌላ ፈረስ አትጠቀሙበት። መግል ያለበት ፈረስ በሰልፉ መጨረሻ ይታይ። በረኪና ፋንድያ ላይ ሲፈስ ኃይሉን ያጣል፤ ስለዚህ ወለሉ አስቀድሞ ተጠርጎ በሳሙና ይታጠብ፣ በረኪናው ከዚያ በኋላ ይፍሰስ።