ዘጠናው የማን ነው? ስለ ገንዘብና ንብረት ጥያቄና መልስ

የነገረ መለኮት ምሁር አይደለሁም። ለዓመታት የአንዲት ጉባኤ ሒሳብ ያዥ ሆኜ ስላገለገልሁ ግን ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹን ቀድሞም ሰምቻቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ አስራት የሚወጣው ግብር ሳይቆረጥ ካለው ደመወዝ ነው ወይስ እጄ ከሚገባው?

መልስ፦ እኔ ሳይቆረጥ ካለው አወጣለሁ፤ በሌላው ግን አልፈርድም። የሙሴ ሕግ የሚናገረው ስለ እህል፣ ስለ ወይን፣ ስለ ዘይትና ስለ ከብት ነው፤ የወር ደመወዝ አያውቅም። ዘዳግም 14ን ያነበበ ደግሞ ይደነቃል፦ ሰውየው አስራቱን ከቤተሰቡ ጋር በእግዚአብሔር ፊት ይበላል፤ በየሦስተኛው ዓመት ለሌዋዊው፣ ለመጻተኛው፣ ለድሀ አደጉና ለመበለቲቱ በደጁ ያኖራል። የእኔ ሥጋት ሌላ ነው። ድንበሩን እንዲህ አጥብቀን የምንጠይቀው ብዙ ጊዜ ከድንበሩ ወዲህ ያለውን የግላችን ለማድረግ ነው። መጋቢ፣ ማለትም የሌላውን ንብረት የሚያስተዳድር፣ ግን መቶውንም በአደራ የያዘ ሰው ነው። ስለ አሥሩ ስንጨነቅ የዘጠናውን ደረሰኝ የሚጠይቀን ያለ አይመስለንም።

ጥያቄ፦ ባለጠጋ መሆን ኃጢአት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ኢየሱስን በራሱ መቃብር ያኖረው የአርማትያሱ ዮሴፍ ባለጠጋ ነበር። ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የክፋት ሥር ያለው ገንዘብን መውደድን ነው። በዚህ ጥቅስ እፎይ የሚል ሰው ግን በሉቃስ 12 ያለውን፣ እርሻው ብዙ ስላፈራለት ትልቅ ጎተራ ሊሠራ ያሰበውን ባለጠጋ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው፦ "ፍሬዬን"፣ "ጎተራዬን"፣ "በረከቴን"፣ "ነፍሴን"። ዝናቡን ማን እንዳዘነበው፣ እህሉን ማን እንዳጨደው አንድ ቃል የለም። በዚያች ሌሊት "ነፍሴ" ያላትም ተፈለገችበት።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ማጠራቀም እምነት ማጣት ነዋ?

መልስ፦ ዮሴፍ በግብፅ በ7ቱ የጥጋብ ዓመታት ከምርቱ አምስተኛውን እጅ አከማችቷል፤ በረሃቡ ጊዜ ጎተራው ተከፈተ። በሽያጭ ነው፤ ቢሆንም ሕዝብ በላበት። የባለጠጋው አዲስ ጎተራ ግን የታሰበው ለአንድ ሰው ዕረፍት ብቻ ነበር። ለሕመም፣ ለልጆች ትምህርትና ለእርጅና ማስቀመጥ ጤናማ ነው። ችግር የሚመጣው "ይበቃኛል" የሚባለው መጠን ሳይወሰን ሲቀር ነው። መጠኑን ዛሬ ጽፋችሁ ቀኑን ጨምሩበት፤ ስትደርሱበት ከፍ ልታደርጉት እጃችሁ ይበላችኋል።

ጥያቄ፦ "ስጥ፣ መቶ እጥፍ ታገኛለህ" የሚለውን ስብከት እንዴት ታየዋለህ?

መልስ፦ በማርቆስ 10 ቁጥር 30 ላይ መቶ እጥፉ የተነገረው "ከስደት ጋር" ከሚል ቃል ጋር ነው። ይህችን ቃል መድረክ ላይ ሲያነቧት የሰማሁት ከስንት አንዴ ነው። ያላትን ሁለት ናስ ሳንቲም በመባ ሣጥን የጣለችው መበለትም በኋላ ባለጠጋ ሆነች አልተባለም። እንዲያውም ከእርሷ ታሪክ ጥቂት ቀደም ብሎ ኢየሱስ የመበለቶችን ቤት የሚበሉ ጻፎችን ይወቅሳል። ሁለቱ ታሪኮች የተጎራበቱት በከንቱ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ባልደረቦቼ በየዓመቱ ስልክ ይቀይራሉ። የእኔ ደህና ይሠራል፤ ግን አፍራለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስልክዎ ትናንት ማታ ደህና ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ማስታወቂያ ሲያዩ አረጀ። እኔን የረዳኝ ቀላል ነገር ነው፦ ያማረኝን ዕቃ ከነዋጋው በወረቀት እጽፍና 30 ቀን እጠብቃለሁ። በመጀመሪያው ወረቀት 11 ነገሮች ነበሩ፤ የገዛሁት 2 ብቻ። ከቀሩት አንዱ ምን እንደነበር ዛሬ ጽሕፈቴን አይቼም አላስታወስሁም።

ጥያቄ፦ ዕዳ እያለብኝ መባ ልስጥ?

መልስ፦ ቀኑ ካለፈ መጀመሪያ ዕዳዎን ይክፈሉ። አበዳሪዎ የሚጠብቀው ገንዘብ የእርስዎ አይደለም፤ በሰው ገንዘብ ደግሞ ለጋስ መሆን ቀላል ነው። ቀኑ ያላለፈ፣ በውሉ መሠረት የሚከፈል ብድር ከሆነ ከመስጠት አይከለክልዎትም።

ጥያቄ፦ የአንተስ ገንዘብ እንዴት ነው?

መልስ፦ ወጪዬን በደብተር እይዛለሁ። ባለፈው ወር ለመጻሕፍት ያወጣሁት ለተቸገሩ ከሰጠሁት ይበልጣል። ባለቤቴ ከእኔ ቀድማ አይታዋለች፤ ከቁጥሩ ጎን በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አድርጋለች።