የሠዓሊን የሥራ ክፍል ስንጎበኝ፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ለዚህ እትም የመረጥኳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከድሬዳዋና ከሐረር የመጡ ሲሆኑ፣ የሚያጠነጥኑትም ሠዓሊዎችን በሥራ ቦታቸው ሄዶ በማየት ላይ ነው። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ ስለሚያስፈልገው አብዛኛውን ገጽ ለእርሱ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር የሥነ ጥበብ መምህር ነኝ። ግድግዳ ላይ በስፕሬይ ቀለም ግራፊቲ የሚሠራ አንድ ወጣትና ለልጆች መጻሕፍት ሥዕል የምትሠራ አንዲት ባለሙያ ተማሪዎቼን በሥራ ክፍላቸው ለመቀበል ፈቅደዋል። ቀደም ሲል ልጆቹን ወደ ኤግዚቢሽን ወስጃቸው ነበር፤ ሆኖም ሥዕሎቹ ፊት ፎቶ ተነሥተው ከመመለስ በቀር እምብዛም ያተረፉት ነገር አልነበረም። ይህኛው ጉብኝት እንደዚያኛው እንዳይሆን ምን ላዘጋጅ? ምንስ እንዲጠይቁ ላድርግ?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ኤግዚቢሽንና የሥራ ክፍል የሚያሳዩት ነገር ስለሚለያይ ዝግጅቱም የተለየ መሆን ይኖርበታል። በኤግዚቢሽን አዳራሽ የሚሰቀለው ሠዓሊው «በቃ፣ አልቋል» ያለው ሥራ ነው። በሥራ ክፍሉ ውስጥ ግን ከዚያ በፊት የነበረው ማመንታት፣ የተፋቀው ቀለምና ግድግዳ ጥግ ፊቱን አዙሮ የቆመው ሸራ ይገኛል። ደብሊን ተወልዶ ለንደን ውስጥ ይሠራ የነበረው ሠዓሊ ፍራንሲስ ቤከን ከሞተ በኋላ፣ ጠባቧ የሥራ ክፍሉ ከነአቧራዋ ተነቅላ ወደ ትውልድ ከተማው ተወሰደች፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ስትከፈትም ከ7,000 በላይ የሆኑት ዕቃዎቿ አንድ በአንድ ተመዝግበው ነበር። ከእነዚያም መካከል ሠዓሊው ራሱ በስለት የቀደዳቸው 100 ያህል ሸራዎች ይገኙበታል። ባለሙያዎቹ የተቀደደ ሸራ ለማኖር ያን ያህል የደከሙት፣ የሠዓሊው አስተሳሰብ ከተሳካለት ሥራ ይልቅ ባልወደደው ሥራ ላይ ጎልቶ ስለሚነበብ ይመስለኛል። ስለዚህ ተማሪዎችዎ ይዘውት ከሚሄዱት ጥያቄ ሁሉ የሚቀድመው «ከዚህ ሥራ ምኑን ተውከው? ለምንስ ተውከው?» የሚለው ቢሆን እመርጣለሁ።

በግራፊቲ ሠሪው ዘንድ ከቀለሙ ይጀምሩ። ከድሬዳዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ በሚገኘው ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ውስጥ፣ ዕድሜው 40,000 ዓመት ገደማ የሚገመት 40 ኪሎ ግራም ያህል የአፈር ቀለም ከነመፍጫ ድንጋዮቹ ተገኝቷል። ያንን አፈር ያቀላው የብረት ኦክሳይድ ዛሬም በፋብሪካ ቀይና ቡናማ ቀለም ለማምረት ያገለግላል። ልጆቹ የስፕሬይ ቆርቆሮውን ሲነቀንቁ ከውስጡ የምትንኳኳዋ ትንሽ ኳስ ከታች የረጋውን የደቀቀ ቀለም ከፈሳሹ ጋር የምታዋህድ መሆኗን ቢረዱ፣ በገዛ ከተማቸው ዳርቻ ድንጋይ በድንጋይ ሲፈጭ የነበረው ነገር በእጃቸው እንዳለ ይገባቸዋል። ይህን ከጉብኝቱ በፊት በክፍል ውስጥ ቢነግሯቸው ጥሩ ነው።

ከዚያ ወደ እጁ እንቅስቃሴ ይለፉ። ወጣቱ አንድ መስመር ሦስት ጊዜ እንዲስብ ይጠይቁት፤ በመጀመሪያ ቆርቆሮውን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ፣ ቀጥሎ አርቆ፣ በመጨረሻም አዘንብሎ። ሲጠጋ መስመሩ ይቀጥናል፣ ጠርዙም ይጠራል፤ ሲርቅ ሰፍቶ እንደ ጭጋግ ይሳሳል፤ ሲያዘነብል አንዱ ጠርዝ ጥርት ብሎ ሌላው ይደበዝዛል። እጁ ለአፍታ ካመነታ ቀለሙ ይንጠባጠባል። ሠሪዎቹ ካፕ የሚሏት የመርጫ ቆብ ስትቀየርም የመስመሩ ውፍረት አብሮ ይቀየራል። ልጆቹ ይህን ዐሥር ደቂቃ በዝምታ ቢመለከቱ ከአንድ ሰዓት ገለጻ የበለጠ ይማራሉ።

ትንሽ ንድፍ ወደ ሰፊ ግድግዳ እንዴት እንደሚዛወርም ያሳያቸው። የቆየው መንገድ ንድፉንም ግድግዳውንም በእኩል ቁጥር አራት ማዕዘኖች መከፋፈል ነው። አሁን ብዙዎች የሚከተሉት ግን ሌላ ነው፦ ግድግዳው ላይ እንደመጣላቸው ፊደልና ምልክት ይሞነጭራሉ፤ ፎቶ ያነሡትና በስልካቸው ላይ ንድፉን በፎቶው ላይ ይደርቡታል፤ ከዚያም «ዓይኑ ከዚህ ምልክት በስተግራ ይውላል» እያሉ መስመሩን ያገኙታል። አራት ማዕዘኑ ልኬትና ቀጥ ያለ መስመር ይጠይቃል፤ ሙንጨራው ግን ሸካራና ጎርባጣ ግድግዳ ላይ እንኳ ይሠራል። ሁለቱንም መንገዶች በክፍል ግድግዳ ላይ በጠመኔ መሞከር ስለሚቻል፣ ለተከታዩ ክፍለ ጊዜ የተዘጋጀ ትምህርት ይሆንልዎታል።

ልጆቹ ስለ ግራፊቲ አጀማመር መጠየቃቸው አይቀርም። ዛሬ የምናውቀው መልኩ በ1960ዎቹ መጨረሻ በፊላደልፊያ፣ ቀጥሎም በኒውዮርክ ተስፋፋ፤ ወጣቶቹም ስማቸውን በባቡር ላይ ይጽፉ የነበረው ባቡሩ በከተማዋ ሲዞር ስማቸውም አብሮ እንዲዞር ነው። ባቡር በ1902 እ.ኤ.አ. ደርሶ በቆረቆራት ከተማ ለሚያድጉ ልጆች ይህ ለመረዳት የሚከብድ አይመስለኝም። ያለ ፈቃድ ይሠራ እንደነበርም አይደብቋቸው። ወጣቱ ራሱ ፈቃድ የሚጠይቀው እንዴት እንደሆነ ቢነግራቸው ደግሞ እሰየው ነው።

በሥዕል ባለሙያዋ ዘንድ የሚታየው ነገር ጸጥ ያለ ነው። የመጀመሪያዎቹን ንድፎች እንድታሳያቸው ይለምኗት፤ የክብሪት ሳጥን የሚያህሉ፣ በአንድ ወረቀት ላይ ዐሥርና ከዚያ በላይ የሚደረደሩ ሥዕሎች ናቸው። አንበሳው ከላይ ቢታይ ይሻላል ወይስ ከልጁ ቁመት፣ ልጁ ከገጹ ግራ ቢቆም ይሻላል ወይስ ከቀኝ የሚለው የሚወሰነው በእነዚያ ላይ ነው። ብዙ የልጆች ሥዕላዊ መጻሕፍት 32 ገጽ የሚሆኑት አንድ ትልቅ ወረቀት ሲታጠፍ 16 ገጽ፣ ሁለት ሲሆን ደግሞ 32 ገጽ ስለሚወጣው መሆኑንም ብትነግራቸው፣ ሠዓሊ ታሪኩን በማተሚያ ማሽን ልክ መመጠን እንዳለበት ይረዳሉ። በታብሌት የምትሠራ ከሆነ የሥዕሉን ንብርብሮች አንድ በአንድ እያጠፋች ታሳያቸው፤ ያለቀውን ሥዕል ወደ ኋላ ማየት ማለት ነው።

የሚቀሩት ተግባራዊ ነገሮች ናቸው፤ ባጭሩ ልበላቸው። ልጆቹን በሙሉ በአንድ ጊዜ አይውሰዷቸው፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ከስምንት በላይ የሆኑ እንግዶች እርስ በርስ እንጂ ሥራውን አያዩም። በድሬዳዋ ሙቀት ጧት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ ከቀትር በኋላ ከተማው ስለሚያርፍ፣ በርጫም ስለሚጀመር፣ ከ10 ሰዓት በፊት ማንንም ባያስቸግሩ ይሻላል። ስፕሬይ የሚረጨው ደጅ ይሁን፤ ተራ የአቧራ ማስክ ብናኙን ቢይዝ እንኳ የቀለሙን ትነት አያግድምና ልጆቹ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ይቁሙ። ቆርቆሮዎቹን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ እንዳይተዉ፤ ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ የለባቸውም፣ የተዘጋ መኪና ደግሞ በእናንተ አገር ፀሐይ ይህን በቀላሉ ያልፋል። በመጨረሻም ትምህርት ቤቱ ለሁለቱም ባለሙያዎች የቀለምና የጊዜ ዋጋ እንዲከፍል አጥብቀው ይጠይቁ። በሥራው የሚተዳደር ሰው ግማሽ ቀን ሲሰጥ የቀን ገቢውን ሰጥቷል፤ «ለልጆቹ ብለህ» እየተባለ በምስጋና ብቻ መሸኘቱ በአገራችን ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ውስጥ ከአንድ ሠዓሊ ስቱዲዮ ሥዕል ገዛሁ። በቲሸርት ላይ አሳትሜ ለመሸጥ አስቤያለሁ፤ ሥዕሉ የእኔ ስለሆነ ችግር የለውም አይደል? ስቱዲዮው ውስጥ ያነሣሁትን ያላለቀ ሥራ ፎቶስ በፌስቡክ ብለጥፍ?

መልስ፦ ለመጀመሪያው መልሴ «ችግር አለው» የሚል ነው። የገዙት ሸራውን ነው፤ ሥዕሉን የማባዛት መብት በጽሑፍ ካልተላለፈልዎ በስተቀር የሠዓሊው እንደሆነ ይቆያል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይህን መብት በሠዓሊው ዕድሜና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቀዋል። ሠዓሊውን ያነጋግሩ፤ ስንት ቲሸርት እንደሚታተም፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚሸጥና ከእያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚደርሰው በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ብዙ ሠዓሊዎች በደስታ የሚስማሙበት ነገር ነው፤ የሚያስቀይማቸው ሥራቸውን ሰው ደረት ላይ ድንገት ማየት ነው። ያላለቀውን ሥራ ፎቶ በተመለከተም ሳይጠይቁ አይለጥፉ። ሠዓሊው ነገ ሊያጠፋው የሚችለውን ነገር አምኖዎት ነው ያሳየዎት።

ጥያቄ፦ ሐረር ጁገል ውስጥ የምንኖር ወጣቶች ነን። ድሬዳዋ ያየነውን ዓይነት የግራፊቲ ሥዕል በግንቡ ላይ እንዲሠራልን አንድ ሠዓሊ ለመጋበዝ አስበናል። ይፈቀዳል? እኛ ጋ የሚጎበኝ ስቱዲዮ ስለሌለ ሥራውን በዓይናችን ማየት እንፈልጋለን።

መልስ፦ በግንቡ ላይ ፈጽሞ እንዳታደርጉት። የጁገል ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ከተማ ዙሪያ ነው፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ያለ ፈቃድ ቅርስን መነካካት ይከለክላል። ከሕጉ ሌላ የቁሱ ጠባይ አለ። ድንጋይና ጭቃ እርጥበትን ተቀብሎ መልሶ ይተነፍሳል፤ የስፕሬይ ቀለም ግን እንደ ፕላስቲክ ስስ ሽፋን ስለሚሆን እርጥበቱን ውስጥ ያስቀረዋል፣ ከጊዜ በኋላም ልስኑ እየተላጠ ይረግፋል። በዓል ሲቃረብ እናቶቻችሁ ቤቱን በኖራ የሚያድሱት ኖራ ግድግዳውን ስለማያፍነው ጭምር ነው።

ሠዓሊውን መጋበዙን ግን አትተዉት። ከጁገል ውጭ ባለ አዲስ ሕንፃ ላይ፣ ባለቤቱን በጽሑፍ አስፈቅዳችሁ፣ ወይም ተነቃቃይ በሆነ ኮምፔርሳቶ ላይ ይሥራ።

ሐረር የሚጎበኝ የሥራ ክፍል የላትም በሚለው ግን አልስማማም። ሠዓሊውና ገጣሚው ገብረክርስቶስ ደስታ የተወለደው በእናንተው ከተማ ነው፤ አባቱም የብራና መጻሕፍትን የሚያስጌጡ ሰው ነበሩ። የጥንት የእጅ ጽሑፎችን የሰበሰቡት አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ መጽሐፍ መጠረዝን ራሳቸው ተምረው የጠፋውን ጥበብ መልሰዋል፤ በራስ ተፈሪ ቤት የሚገኘውን ሙዚየማቸውን ስትጎበኙ ስለ ጥረዛው ጠይቁ። ግድግዳ ሙሉ የሚያስጌጠውን ስፌት የሚሠሩ እናቶችም በየግቢው አሉ። አንዷ ዘንድ ቁጭ ብላችሁ፣ አንድ ቅርጽ ክቡ ሲሰፋ እንዳይዛነፍ አክርማውን እንዴት እየቆጠረች እንደምትጨምር ተመልከቱ። የጋበዛችሁት ሠዓሊ ከመጣ እርሱንም ይዛችሁት ሂዱ፤ ለኮምፔርሳቶው የሚሆነውን ንድፍ ከእርሷ ጋር ተማክሮ ቢያወጣው፣ ስሟም ከስሙ ጎን ይጻፍ፣ ክፍያውም ለሁለት ይከፈል።