«በሞቴ ደስ ይለኛል» ብሎ መዘመር ለክርስቲያን ይገባል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። የምኖረው ጀርመን ነው፤ ሥራዬም አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ከማስታምማቸው አንዲት እናት ማታ ማታ አንድ የባኽ ካንታታ (በሙዚቃ መሣሪያ የታጀበ፣ በክፍል በክፍል የተከፈለ ዝማሬ) እንድከፍትላቸው ይጠይቁኛል። ቋንቋው ሲገባኝ ግጥሙን በደንብ ሰማሁትና ደነገጥኩ። መጨረሻው ላይ ዘማሪው «በሞቴ ደስ ይለኛል፤ ምነው አሁን በመጣ!» ይላል። እኛ ቤት እንዲህ የሚል ሰው «አታሟርት!» ነው የሚባለው። ክርስቲያን ሞቱን ይናፍቃል? ተስፋ መቁረጥስ አይሆንም? ደግሞ በኦርኬስትራ ስለሚቀርብ ዘፈን ይሁን መዝሙር አላውቅም። ልክፈትላቸው ወይስ ልተው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ክፈቺላቸው። ለምን እንደምልሽ ላስረዳሽ።

የምትዪው ካንታታ «ኢኽ ሃበ ገኑግ» ይባላል፤ «በቃኝ» እንደማለት ነው። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ በላይፕዚግ ከተማ የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ኃላፊ በነበረበት ጊዜ የጻፈው ነው። መጀመሪያ የተሰማው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የካቲት 2 ቀን 1727 ነው። ዕለቱ ጌታ በተወለደ በ40ኛው ቀን ወደ ቤተ መቅደስ የገባበት በዓል ነበር። ሉተራውያን ይህን በዓል አልተዉትም ነበር። ኦርቶዶክሳውያን ወገኖቻችንም የካቲት 8 ቀን ያከብሩታል። ካንታታው የቀረበው በአምልኮ መካከል፣ ከስብከቱ ጋር ነው፤ ምእመናንም የታተመውን ግጥም ይዘው መከታተል ይችሉ ነበር። ስለዚህ ዘፈን ነው ብለሽ አትጨነቂ።

የዕለቱ ንባብ ሉቃስ ምዕራፍ 2 ነው። ስምዖን «የጌታን ክርስቶስ ሳታይ አትሞትም» የሚል ተስፋ ይዞ የሚጠብቅ ሰው ነበር። (ሉቃስ ዕድሜውን አልጻፈልንም፤ ሽማግሌ ነው የምንለው ከጸሎቱ ተነሥተን ነው።) ሕፃኑን ሲያቅፍ «ጌታ ሆይ፥ አሁን እንደ ቃልህ ባሪያህን በሰላም ታሰናብተዋለህ፤ ዓይኖቼ ማዳንህን አይተዋልና» አለ። ልብ በዪ፤ መጀመሪያ አየ፣ አቀፈ። መሄድን የጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ካንታታውም ይህንኑ ቅደም ተከተል ይዟል። ኅብረ ዝማሬ የለውም። ወፍራም ድምፅ ያለው አንድ ወንድ ብቻ ይዘምራል፤ ኦቦ የሚባል የትንፋሽ መሣሪያና ቫዮሊኖች ያጅቡታል። ኦቦው ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ ይዘረጋል፤ ዘማሪው ሲገባም ያንኑ ዜማ ይዞ «በቃኝ» ይላል። ወዲያው የሚከተለው ቃል መድኃኒቱን በናፋቂ ክንዶቹ እንዳቀፈ የሚናገር ነው። ሞት ገና አልተጠቀሰም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «እምነቴ ኢየሱስን ከልቤ አስጠግቶ አቀፈው» ይላል። እዚህ ላይ ስምዖን ብቻ አይደለም የሚዘምረው። ሕፃኑን በዓይኑ ያላየው፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሰማው ምእመንም አብሮ ገብቷል። አንቺም እኔም ማለት ነው።

ሦስተኛው ክፍል ላይ ጆሮሽን ጣል አድርጊ። «እናንተ የደከማችሁ ዓይኖች፣ አንቀላፉ» ይላል፤ ልክ እንደ እሹሩሩ ነው። ሙዚቃው በየመሐሉ ቆም ይላል፣ ተንፍሶ ይቀጥላል። የባኽ ባለቤት አና ማግዳሌና የቤት የሙዚቃ ደብተር ውስጥ ይህ ክፍል ተገልብጦ ይገኛል። በዚያ ቤት ሞት እንግዳ አልነበረም። ባኽ አሥር ዓመት ሳይሞላው እናትና አባቱን አጥቷል። በ1720 ከጉዞ ሲመለስ የመጀመሪያ ሚስቱ ሞታ ተቀብራ ነው የጠበቀችው። ይህ ካንታታ ከመሰማቱ ሰባት ወር በፊት ደግሞ የሦስት ዓመት ልጁን ቀብሯል። ሞትን በወሬ የሚያውቅ ሰው አይደለም እንዲህ የጻፈው።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ ልምጣ። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ «ይበቃኛል» ያለ ሌላም ሰው አለ፤ ኤልያስ። ከኤልዛቤል ሸሽቶ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ነፍሴን ውሰድ» አለ። ያ ድካም ነው፣ ብቸኝነት ነው። እግዚአብሔር ግን አልተቆጣውም። የለመነውንም አላደረገለትም። አስተኛው፣ መልአክ ልኮ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ እንደገናም አስተኛው፣ ከዚያ መንገዱን አሳየው። የስምዖን ናፍቆት ከዚህ ይለያል። እሱ ከሕይወት የሚሸሽ ሰው አይደለም፤ የጠበቀውን ያገኘ ሰው ነው።

በመጨረሻው ክፍል ላይ ግን አንድ ነገር ይጎድለኛል። «ምነው አሁን በመጣ!» የሚለው ጥድፊያ ብቻውን ሲቆም ይከብደኛል። ጳውሎስ በፊልጵስዩስ 1 «ልሄድ ከክርስቶስም ጋር ልኖር እናፍቃለሁ» ብሎ አላቆመም። «ነገር ግን በሥጋ መኖሬ ስለ እናንተ እጅግ የሚያስፈልግ ነው» ብሎ ጨመረ። ካንታታው ይህን ሁለተኛውን ግማሽ አልያዘም። እኔ ሳስተምር ሁልጊዜ አብሬ አነብበዋለሁ፤ አንቺም እንደዚያ አድርጊ።

ስለዚህ ስትከፍቺላቸው ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሪላቸው። ጊዜ ካለሽ አስቀድመሽ ሉቃስ 2ን በጀርመንኛ አንብቢላቸው፤ ምናልባት በቃላቸው ይሉልሽ ይሆናል። ሲያዳምጡ ፊታቸውን እዪ። «ጌታዬን አውቀዋለሁ፣ ስሄድ አልፈራም» የሚሉሽ ከሆነ፣ አታሟርቱ አትበያቸው። አሜን በያቸው።

«ማንም አይጠይቀኝም፣ ለሰው ሸክም ሆኛለሁ፣ ልሙት» ካሉሽ ግን ነገሩ የኤልያስ ነው። ያን ጊዜ ሙዚቃ ከፍተሽ አትውጪ። ለኃላፊዋ ነርስ ዛሬውኑ ንገሪ። ልጆች ካሏቸው ይደወልላቸው። የአጥቢያቸው ፓስተር መጥቶ እንዲጎበኛቸው ጠይቂ። እስኪመጡም አጠገባቸው ቁጭ በዪ፤ ራት በልተው እንደሆነም ጠይቂያቸው።